ከማስታወቂያው ጀርባ ያለው ባንድ

ቴሌቪዥን ላይ ማስታወቂያ ሲመጣ ሰው ሁሉ ይነሳል። አንዱ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ አንዱ ውሃ ይቀዳል፣ ስልክ የሚደውልም አለ። ተማም ግን ደህና አድርጎ የሚቀመጠው ማስታወቂያ ሲመጣ ነው። ኤደን ፕሬሪ በምንሠራበት መጋዘን የእረፍት ክፍል ውስጥ ሆኪው ሲተላለፍ ሳንድዊቹን እየገመጠ እንደ ነገሩ ያያል፤ ፊሽካ ተነፍቶ የመኪና ማስታወቂያ ሲገባ ማኘኩን ያቆማል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ አይነቅልም። መጀመሪያ ያየሁት ቀን መኪና ሊገዛ ያሰበ መስሎኝ ነበር።

«ምነው፣ አዲስ ትራክ አማረህ እንዴ?» አልኩት።

«ዝም በል ቦጌ፣ አሁን እየነፉ ነው» አለኝ።

ማን ነው የሚነፋው? የሚታየው ጭቃ የሚያቋርጥ ፒክአፕ ብቻ ነው። የሌሊት ሥራ ጭንቅላቱን ነካው ብዬ አሰብኩ፤ ለባለቤቴም እንደዚያው ነገርኳት።

ቦጋለ እባላለሁ። ከተማም ጋር ከቡርንስቪል እስከ ኤደን ፕሬሪ ለዓመታት በአንድ መኪና ተመላልሰናል፣ አንድ ሳምንት በእሱ፣ አንድ ሳምንት በእኔ። ሁለታችንም ሁለተኛ ሺፍት ነን፤ ከሰዓት በኋላ ገብተን ሌሊት እንወጣለን። ተማም የደሴ ልጅ ነው። ሱዳንን አቋርጦ ሚኒሶታ ሲገባ እኛ ገና የዚህን ግዛት ስም አልሰማንም ነበር። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሰው ቤት ሲሄድ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ቤቱን በሳቅ ይሞላዋል። ሰው የሚወደው በዚህ አፉ ነው፤ ያቃጠለውም ይኸው አፉ ነው።

አንዲት ልጅ አለችው፣ ኢናስ የምትባል፣ እዚሁ የተወለደች። ስምንተኛ ክፍል ሳለች፣ በኢድ ቀን፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፣ ቁመቷን ሊያህል ምንም ያልቀረው ጥቁር ሳጥን እየጎተተች ከመኝታ ቤቷ ወጣች። ከውስጡ ትሮምቦን አወጣች፤ ያ በድሮ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ፎቶ ላይ የምናየው፣ እየተሳበና እየተገፋ የሚነፋው ትልቅ ነገር። ትምህርት ቤት ነው የሰጧት። ለእንግዶቹ ልትነፋላቸው አስባ ኖሯል። ገና አፏ ላይ ሳታደርሰው ተማም፣ «እሰይ! አዝማሪ ወለድኩላችሁ! በሉ ሳንቲም አዘጋጁ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ያኔ አላውቃቸውም እንጂ ብኖር ኖሮ ከሁሉ በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

ኢናስ ቃሉን አታውቀውም። እናቷን ሙፈሪያትን ጠየቀቻት። ሙፈሪያት ሁለት እጇ በትሪ ተይዞ፣ እንግዳ እያስተናገደች፣ አፏ ላይ የመጣላትን ትርጉም ሰጠቻት። «ያው እየዘፈነ የሚለምን ነው፣ ቤገር» አለቻት። ልጅቷ ትሮምቦኑን ሳጥኑ ውስጥ መለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ሳጥን እቤት አልገባም። ትምህርት ቤት ትለማመዳለች፣ ትምህርት ቤት ትተወዋለች። ተማም ስለ ሙዚቃዋ ሲጠይቃት «ኢትስ ፋይን፣ ዳድ» ትለዋለች። አባ ማለትም በዚያው ቀረ።

ተማም ክፉ ሰው አይደለም። ልጅ ሆኖ ደሴ ላይ አዝማሪ ከመጣበት ሠርግ ቤት ጎትተው የሚያወጡት እሱን እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። ነገሩ ይቆጨው ነበር፤ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተሳቀበትን ነገር መልሶ ማንሳት አቃተው። «ቀልዴን እኮ ነው» ሊላት ያስባል፣ ነገ እላታለሁ ይላል፤ ዓመት ሲያልፍበት ደግሞ ይበልጥ ከበደው።

በ2004 በፈረንጆቹ ኢናስ ወደ ሰሜን፣ በመኪና ግማሽ ቀን ሊፈጅ ምንም የማይቀረው ኮሌጅ ገባች። እዚያ የኮሌጁ ባንድ ውስጥ ገባች። ለተማም የነገረችው ሙፈሪያት ናት፤ ልጅቷ ስለ ባንዱ የምታወራው ለእናቷ ብቻ ነው። ባንዱ የት ነው የሚጫወተው? ሆኪ ሜዳ። የኮሌጁ ቡድን በተጫወተ ቁጥር መቀመጫዎቹ መሃል ቆመው ይነፋሉ። ተማም የሆኪ ሰው የሆነው ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ሆኪ ማለት ለእሱም ለእኔም በረዶ ላይ በዱላ የሚደባደቡ ጎረምሶች ነበር።

ሄዶ ማየት አይችልም ወይ ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬዋለሁ። ዓርብ ሥራ ላይ ነው፣ እውነት ነው፤ ቅዳሜ ግን ይችላል።

«ሳትጠራኝ?» አለኝ መሪውን እንደያዘ። «አዝማሪ ብያት፣ አሁን ደግሞ ሳልጠራ ሄጄ ፊቷ ልገተር? አይሆንም ቦጌ። በቲቪ ልያት። አንድ ጊዜ ስትነፋ ብቻ ልያት፣ ከዚያ ደውዬ "አየሁሽ፣ ኮራሁብሽ" እላታለሁ። ያኔ ወሬውን ለመጀመር አፍ ይኖረኛል።»

እንግዲህ የሰውዬው ሐሳብ ይኸው ነበር። ትልቅ ነገር አልፈለገም። ልጁ ስትነፋ አንድ ጊዜ ማየት፣ ከዚያ መደወል።

ችግሩ ቴሌቪዥኑ ነው። የሚኒያፖሊሱ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ጨዋታው በየሳምንቱ ይተላለፋል፤ ከጨዋታው በፊት ወሬ አለው፣ ከጨዋታው በኋላ የወሬው ወሬ አለው። የኢናስ ኮሌጅ የሚታየው ግን ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጋጠም ብቻ ነው፤ ሚዜ ፎቶ ላይ የሚወጣው ከሙሽራው ጋር ሲቆም እንደሆነው። እሱም ኬብል ላለው ሰው ነው። ተማም ኬብል አስገባ። ሙፈሪያት «ለዱላ ጨዋታ!» ብላ ጮኸች። ኬብሉ ሲገባ ያ የስፖርት ጣቢያ ሌላ ጥቅል ውስጥ ነው ተባለ፤ ጥቅሉን ጨመረ። ጣቢያው ሲመጣለት ጨዋታው ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ። አንድ ቅዳሜ የሰሜኖቹ ጨዋታ በእርግጥ ሊታይ ነው ተብሎ ቤቱ ሄጄ ጠብቀን ጠብቀን፣ ከእሱ በፊት የነበረው የቅርጫት ኳስ ተራዝሞ ተራዝሞ፣ ሆኪው የመጣው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ያን ቀን ተማም ሪሞቱን ሶፋው ስር ወርውሮ ለመፈለግ ሁለታችንም በጉልበታችን ተንበርክከናል።

እንደምንም ጨዋታው ቢታይ ደግሞ ባንዱ የለም። ካሜራው ያቺን ጥቁር ክብ ነገር ሲያሳድድ ያመሻል። ባንዱ የሚነፋው ጨዋታው ሲቆም ነው፤ ጨዋታው ሲቆም ደግሞ ማስታወቂያ ነው። የመጀመሪያዋ የጡሩምባ ድምፅ ብልጭ ስትል ፒክአፑ ጭቃው ውስጥ ይገባል። ይህን ሲያስረዳኝ ነው የዚያ ቀኑ ነገር የገባኝ። ለካስ መኪናውን አይደለም የሚያየው፣ ከመኪናው ጀርባ ልጁ አለች። በዚያች ደቂቃ እየነፋች እንደሆነ ያውቃል።

አንዴ ብቻ፣ በሦስተኛው ዓመት መሰለኝ፣ ከማስታወቂያ ሲመለሱ ካሜራው ሕዝቡ ላይ ዘግይቶ ኖሮ፣ ከሰው ጭንቅላት በላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ወደ ፊት ወጥቶ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«አያችኋት? አያችኋት?» ብሎ ከወንበሩ ዘለለ።

ፎርክሊፍት የሚነዳው ሞሲሳ፣ የክፍሉ የቅርጫት ኳስ አፍቃሪ፣ ሪሞቱን ለመውሰድ እጁን እንደዘረጋ፣ «ተማም፣ እኔ ቧንቧ ነው ያየሁት፤ ሰው አላየሁም» አለው።

እኔም ያየሁት ቧንቧ ነው። ተማም ግን ለሳምንት ያህል መንገድ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ጣቢያውም ጋ ይደውል ነበር። ሙዚቃ እያሰሙ ያቆዩታል፣ እሱም ይጠብቃል። አንድ ቀን አጠገቡ ሆኜ ሰምቻለሁ። የሰሜኖቹን ለምን አታሳዩም፣ ባንዱንስ ለምን ትቆርጡታላችሁ ብሎ ተሟገተ። ያነሳችው ልጅ ታግሳ ሰማችውና «ሰር፣ ለጨዋታው ስላለዎት ፍቅር እናመሰግናለን» አለችው። «የምን ፍቅር! ጨዋታውን አልወደውም እኮ!» ብሎ ዘጋባት። ውሸቱን ነው። ያኔ የተጫዋቾቹን ስም ከነቁጥራቸው ያውቅ ነበር፤ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ለእኔ ሊያስረዳ መንገዱን ሙሉ ይደክማል። ሳያስበው ነው ፍቅሩ የያዘው።

በ2008 መጋቢት፣ ኢናስ ልትመረቅ ሁለት ወር ሲቀራት፣ ቡድኖቹ ለሊጉ ማጠቃለያ እዚሁ አጠገባችን፣ ሴይንት ፖል መጡ። የእሷም ኮሌጅ አለበት። ዓርብ ግማሽ ፍጻሜ፣ ቅዳሜ ፍጻሜ። ዓርብ እኛ ሥራ ላይ ነን፤ የእረፍት ክፍሉን ቴሌቪዥን እነ ሞሲሳ ለቅርጫት ኳስ ቀድመው ይዘውታል። ማን እንዳሸነፈ ሳናውቅ ወጣን። ቅዳሜ ጠዋት ተማም ደወለልኝ። «አሁኑኑ ና» ብሎኝ ዘጋው። ሰው የሞተ መስሎኝ በነጠላ ጫማ ነው የሄድኩት።

ሳሎኑ ውስጥ ተማምና ሙፈሪያት የስልክ መልእክት መቀበያውን ከበው ቆመዋል። ሙፈሪያት ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። ተማም ቁልፉን ተጫነው። የኢናስ ድምፅ ነው፣ ትናንት ማታ ማንም ሳይኖር የተወችው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ፤ በዚያ እንደ ፈረንጅ በሚጎተት አማርኛዋ።

«አባ፣ እኔ ነኝ። አዝማሪዋ።» እዚህ ላይ ትንሽ ሳቀች። «ነገ ሴይንት ፖል እንጫወታለን። አንድ ሰዓት። ላንተ ትኬት አለ፣ ትኬት መስኮት ላይ፣ ስምህ አለው። እኔ... እ... ሶሎ አለኝ። ለብቻዬ። ስለዚህ ና፣ እሺ? ቻው አባ።»

ተማም ደግሞ ተጫነው። ደግሞ። «አዝማሪዋ አለች! ራሷ አለችው፣ ሰማህ?» ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ጢሙን ያሻል። ስንት ዓመት ጉሮሮው ላይ ቆሞ የነበረውን ቃል ልጅቷ ራሷ አንስታ ቀለደችበት። ከዚህ የበለጠ ይቅርታ የለም።

እኔ መቼም ነገር አላሳልፍም፣ ሀበሻ ሰዓት ሲጠራ የምንጠይቀውን ጠየቅኩ። «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» እዚህ አገር ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ሲጠሩን ይህን ሳንጠይቅ አንሄድም። በኛ አንድ ሰዓት ማታ ነው፣ በእነሱ ጠራራ ፀሐይ።

«ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ተቆጣ። «በአማርኛ ነው እኮ የተናገረችው! አባቷን በቋንቋው አክብራ ስትጠራ በፈረንጅ ሰዓት ትጠራዋለች? በቤቴ ሕጉ የታወቀ ነው፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ በእነሱ፣ በአማርኛ ከሆነ በኛ። ደግሞ ና፣ ራስህ እይ» አለና የጋዜጣውን የቴሌቪዥን ገጽ ዘረጋልኝ። ኮሌጅ ሆኪ፣ ፍጻሜ፣ 7:00 ይላል። ገጹን ከላይ እስከ ታች በጣቴ ወረድኩበት፤ ከዚያ ሌላ ሆኪ የሚባል ነገር የለበትም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ልክ እንዳለችው።

«ፍጻሜ ገብተዋል ማለት ነው» አለ ተማም ዓይኑ እያበራ። «የኔ ልጅ ፍጻሜ ላይ ልትነፋ ነው!»

ስልኳ ላይ ደወለ፣ አላነሳችም። «ኢናስዬ፣ ሰምቻለሁ፣ እመጣለሁ። በሰዓቱ እደርሳለሁ፣ አብሽሪ» ብሎ መልእክት ተወላት። ሰዓቱን መልሶ መጥራት አላስፈለገውም።

ቀኑን ሙሉ ሙሽራ መሰለ። እኩለ ቀን አልፎ በሪሁን ፀጉር ቤት ወሰድኩት። በሪሁን ጢሙን እየከረከመለት፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ያንኑ የስፖርት ጣቢያ ያሳይ ነበር። አንድ ሰውዬ የበረደ ሐይቅ ላይ ቀዳዳ ቆፍሮ፣ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ዓሣ ይጠብቃል። ዓሣው አይመጣም። ሰውዬው ወደ ቀዳዳው ያያል፣ ወደ ካሜራው ያያል። ተማም «ሱብሐን አላህ፣ ይህን የሚያይ ማን ነው?» እያለ ሳቀ፤ በሪሁንም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ተረጋግተን ሻይ ጠጣን። ብዙ ሰዓት ነበረን።

ወደ ማታ ስንነሳ ሙፈሪያት በፎይል የተጠቀለለ ሳምቡሳ አስያዘችን፤ ለኢናስ ብቻ ሳይሆን ለሚነፉት ልጆች ሁሉ። እሷ አልመጣችም። «ትኬቱ ላንተ ነው የተቀመጠው፣ ሂድና ታረቁ» አለችው። መንገድ ላይ ተማም ምን እንደሚላት ሲለማመድ ነበር።

«አፉ በይኝ እላታለሁ» አለኝ። «ሶሪ ቀላል ነው፣ ለሁሉም ይባላል። አፉ በይኝ ነው የምላት።»

«ምን ማለት ነው ብላ እናቷን ትጠይቃታለች፤ እናቷ ምን ብላ እንደምትተረጉምላት አላህ ይወቅ» አልኩት። ሳቀ። ሴይንት ፖል ድልድይ ላይ ነበርን፤ ያን ማታ ለመጨረሻ ጊዜ የሳቀው ያኔ ነው።

አዳራሹ በር ላይ ሰው እንደ ጉድ ይጎርፋል፤ ሁለት ዓይነት ማልያ የለበሰ ሰው። ተማም ግራ ቀኝ አየ። «የእነሱን ቀለም የለበሰ የለም እንዴ?» አለ። እኔ ስለ ቀለም ምን አውቃለሁ፣ ውስጥ ገብተው ይሆናል አልኩት። ትኬት መስኮቱ ጋ ደርሰን ለትኬት ሻጯ ስሙን ነገራት። ልጅቷ ሳጥን ውስጥ ፈላልጋ አንድ ፖስታ አወጣች፣ ከፍታ አየችው፣ ከዚያ እሱን አየችው።

«አይም ሶሪ፣ ሰር» አለች። ይህ የቀኑ ጨዋታ ትኬት ነው፣ የሦስተኛ ደረጃው፣ እሱ አልቋል አለችው። «ዋን ኦክሎክ» አለች።

ተማም «አዎ፣ አንድ ሰዓት» አላት በአማርኛ።

«ዋን ኦክሎክ» አለች እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ ጣቷን ትኬቱ ላይ አድርጋ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀምሯል። ውስጥ ባንድ መንፋት ጀመረ፤ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው።

እጁን ይዤ ወደ ግድግዳው ዳር ወሰድኩት። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያዳምጠው፣ ሁሉንም ሰማሁ።

«ኢናስ፣ መጥቻለሁ። በሩ ላይ ነኝ» አለ።

ከኋላዋ የሞተር ድምፅና የልጆች ጫጫታ ይሰማል። «ዳድ፣ ኢትስ ኦቨር። አውቶቡስ ውስጥ ነን፣ እየተመለስን ነው።»

«አንድ ሰዓት ብለሽኝ...»

«የስ። አንድ ሰዓት አልኩህ።»

«አዎ። አንድ ሰዓት አልሽኝ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከዚያ «ኦ» አለች። «ኦ፣ ዳድ።» ገባት። አራት ዓመት አማርኛ የሚያናግራት ሰው ያልነበራት ልጅ፣ ሰዓቱን ከእንግሊዝኛው እንዳለ አንስታ ለአባቷ በቋንቋው ሰጠችው፤ እሱም በቋንቋው ተቀበለው።

«አፉ በይኝ፣ ልጄ» አለ።

«ዋት?»

«ምንም። ምንም አይደለም።»

«ኢትስ ኦኬ፣ ዳድ። ኢትስ ፋይን» አለችና ተለያዩ።

«ፋይን አለችኝ» አለ ተማም ስልኩን አጥፎ እየያዘ። ያቺን ፋይን ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃታል። ሳምቡሳው ዳሽቦርዱ ላይ እንደተጠቀለለ ቡርንስቪል ተመለሰ።

ነገሩን ኋላ ላይ ሙፈሪያት ነው የነገረችኝ። ዓርብ ማታ ተሸንፈው ኖሯል። ለሦስተኛ ደረጃ የሚጫወቱትን ማን ያያል? ያ ትልቅ አዳራሽ ባዶውን ነበር። ኢናስ የአባቷን ወንበር ባንዱ አጠገብ፣ መተላለፊያው ዳር አስይዛለታለች። ለጓደኞቿ «ማይ ዳድ እየመጣ ነው» ብላ ነግራ፣ መልእክቱንም አሰምታቸዋለች። እረፍት ላይ ተነስታ ለብቻዋ ስትነፋ ወንበሩ ባዶ ነው። አፍሮብኝ ቀረ ብላ ነው የነፋችው። እስኪደውልላት ድረስ እንደዚያ ነበር የምታስበው።

ሰኞ ተማም ለመጨረሻ ጊዜ ጣቢያው ጋ ደወለ። የቅዳሜውን የቀን ጨዋታ ቅጂ እንዲሸጡለት ነበር። ያ ጨዋታ አልተላለፈም፣ ስላልተላለፈም አልተቀረጸም አሉት።

«ታዲያ በዚያ ሰዓት ምን ነበር የምታሳዩት?» አላቸው።

ፈልገው ነገሩት። ዓሣ።

«አውቃለሁ» አለ። «አይቼዋለሁ።»

እኔ ስለ ሆኪ ግድ የለኝም፣ ዛሬም አልወደውም፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ግን ደሜ ይፈላል። በእነሱ አንድ ሰዓት ላይ እኛ በሪሁን ወንበር ላይ ነበርን። ያንን ጨዋታ ቢያሳዩት ኖሮ ተማም ቀለማቸውን ገና ከሩቅ ያውቀዋል። ጢሙን ግማሽ ተላጭቶ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ፣ እየበረርን እንደርስ ነበር። ሶሎው ላይ እንኳ ባንደርስ ወንበሩ ላይ ታየው ነበር። የጋዜጣውም ገጽ ላይ ያንን ጨዋታ ቢጽፉት «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብዬ የጠየቅኩት ነገር ሰሚ ያገኝ ነበር። አላሳዩትም፣ ስለዚህ ገጹ ላይ የለም፤ ገጹ ላይ ስለሌለ ለእኛ ያ ጨዋታ አልነበረም። ሦስተኛ የሚወጣ ሰው ሰው አይደለም? ሦስተኛ ለሚወጣ የሚነፋውስ?

ግንቦት ላይ ተመረቀች። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ፤ መኪናውን ድራይቭ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሥነ ሥርዓቱ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሲያልቅ ሣሩ ላይ ፎቶ ስንነሳ ቆየን። ኢናስ ጥቁር ጋውኗን ለብሳ፣ ሒጃቧ ላይ ያ ጠፍጣፋ ቆብ ተደፍቶ፣ ትስቃለች። ከአባቷ ጋር ደህና ናቸው፤ ተቃቅፈዋል፣ ተሳስመዋል። ፍሪድሊ ያለ የሕክምና ዕቃ የሚሠራ ድርጅት ሥራ አግኝታለች፣ በሚቀጥለው ወር ትጀምራለች። ስለ ቅዳሜዋ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ሙፈሪያት መኪናው ኋላ ምግቡን ስታስተካክል ተማም ልጁን ጠጋ አላት። እኔ ፊቴን አዞርኩ እንጂ አልራቅኩም።

«ኢናስ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አላት።

«ዋት ኢዝ ኢት?»

«ያንን ነገር ንፊልኝ። እዚሁ። የፈለገ ሰው ይሰብሰብ፣ የፈለገ ይሳቅ።»

«ዳድ፣ ትሮምቦኑ የትምህርት ቤቱ ነው» አለችው በእንግሊዝኛ። «መለስኩት። ዛሬ ጠዋት።» ከዚያ እጁን ያዘችና ሐሳብ እንደመጣለት ሰው «ቆይ፣ ቆይ» አለች። የባንዱን ክፍል ለተመራቂዎች ብለው ዛሬ ከፍተውታል፤ ብትለምናቸው ለአንድ አፍታ መልሰው ይሰጧታል።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው ክፍት የሚሆነው?» አላት።

«እስከ አምስት ሰዓት» አለችው፣ በአማርኛ።

ተማም አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ወደ እሷ ዞረ።

«በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» አላት።

«በፈረንጅ፣ አባ።»

ሰዓቴን አየሁ። በኛ አስራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆኗል፤ የፈረንጁ አምስት ካለፈ ሃያ ደቂቃ። እነሱም የየራሳቸውን አዩ፤ ሁለቱም ያውቁታል፤ ቢሆንም ሮጡ። እሷ ጋውኗን በሁለት እጇ ሰብስባ ከፊት፣ እሱ ከረባቱ ትከሻው ላይ እየተወራጨ ከኋላ፣ ሣሩን አቋርጠው ከሕንፃው ጀርባ ተሰወሩ። ሙፈሪያት «የት ሄዱ?» አለችኝ። ይመጣሉ አልኳት።

ቆይተው ከሩቅ ሲመለሱ አየኋቸው፣ ጎን ለጎን፣ ቀስ ብለው እየተራመዱ። ሳጥን አልያዙም።